የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ስትገዙ መሀሉን ግለጡ

ባለፈው ወር አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ወደማስተምርበት ክፍል መጣ። አራዳ አካባቢ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ ከመስኮቱ ባሻገር የጎረቤት ቆርቆሮ። ልጁ በብብቱ ወፍራም መጽሐፍ ሸጉጧል። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በስፓይራል የተጠረዘ፣ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው።

«ቲቸር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ታገልኩት፤ እምቢ አለኝ። ጭንቅላቴ ለዚህ አይሆንም መሰለኝ» አለ።

መጽሐፉን ተቀበልኩትና መሀሉን ገለጥኩት። የፎር ሉፕ (አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያሠራ ትእዛዝ) ምሳሌ አገኘሁ፤ አምስት መስመር ኮድ። አምስቱም መስመሮች ከግራ ጠርዝ እኩል ተሰልፈዋል። አንድ ሰው ፒዲኤፉን ወደ ወርድ ገልብጦ ሲያትመው ከመስመሮቹ ፊት የነበረው ክፍት ቦታ በሙሉ ጠፍቷል። ፓይተን ደግሞ የትኛው መስመር በሉፑ ውስጥ፣ የትኛው ከሉፑ ውጭ እንደሆነ የሚለየው በዚያ ክፍት ቦታ ነው። ልጁ የታተመውን እንዳለ እየጻፈ ነበር። ኮምፒውተሩም «ኢንደንቴሽን ኤረር» (የክፍት ቦታ ስህተት) እያለ ይመልስለታል። ሦስት ሳምንት።

የልጁ ጭንቅላት ደህና ነው። የታመመው መጽሐፉ ነው።

እዚህ ጎንደር መጽሐፍ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ኔትዎርክ የሚጠፋበት ሰሞን አለ። መብራት የሚሄድበት ማታ አለ። ቪዲዮ እያዩ ለመማር ካርድ መሙላት ይጠይቃል፤ የተማሪ ኪስ ደግሞ አይችለውም። መጽሐፍ ግን ሻማ ካለ ይነበባል። ስለዚህ መጥፎ መጽሐፍ ሲገጥመን የምንሸሽበት ሌላ ነገር የለንም። ጥፋቱን ራሳችን ላይ እናላክካለን። ስንቱ ጎበዝ ልጅ እንዲህ ሆኖ እንደተወው ሳስብ ያመኛል። እናም ከመግዛታችሁ በፊት፣ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት፣ ወይም በቴሌግራም የመጣላችሁን ፒዲኤፍ ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት መጽሐፉን እንዴት እንደምትፈትኑት ልንገራችሁ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

መጀመሪያ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እርሱት። የመጀመሪያ ምዕራፍ ሁሉ ያምራል። ስለ ኮምፒውተር ትውልዶች ያወራል፤ ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚጫን በሥዕል ያሳያል፤ ከዚያ «ሄሎ ወርልድ» ያስጽፋል። ይህን ማበላሸት ይከብዳል። የጸሐፊው ችሎታ የሚታወቀው ነገሩ ሲወሳሰብ ነው፤ እሱም ያለው መሀል ላይ ነው። መጽሐፉ 400 ገጽ ከሆነ 180 አካባቢ ግለጡ። ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት የሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ)፣ ሊስት (ዝርዝር) ወይም ፋይል ማንበብን የሚያስተምር ገጽ ፈልጉ። ከዚያ ከ10 እስከ 20 መስመር ያለው አንድ ምሳሌ ምረጡና ጻፉት።

አዎ፣ እዚያው መደብሩ ውስጥ። ፒያሳ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ላፕቶፔን ከፍቼ ከመደርደሪያቸው ሥር ስቀመጥ «ልጄ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» ብለው ደንግጠው ነበር። «ጋሼ፣ መጽሐፉን እየቀመስኩት ነው» አልኳቸው። አሁን ዱካ ራሳቸው ያቀርቡልኛል። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ስልክም ይሆናል። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የፓይተን አፕ ለስልክ አለ።

ስትጽፉት ሦስት ነገር ተመልከቱ። ምሳሌው እንደተጻፈው ይሠራል ወይ? ሲሠራ ምን እንደሚወጣ መጽሐፉ አሳይቷል ወይ? የወጣላችሁስ መጽሐፉ ካለው ጋር አንድ ነው? ብዙ መጽሐፍ ኮዱን ይሰጥና ውጤቱን አያሳይም። እንዲህ ከሆነ ተማሪው ትክክል ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሌላም አለ። አንዳንዱ ምሳሌ «ከሲዲው ላይ ያለውን ፋይል ክፈቱ» ይላል። ሲዲው የለም፤ ከስንት ዓመት በፊት ጠፍቷል። ምሳሌዎቹ ሁሉ በዚያ ሲዲ ላይ የተንጠለጠሉ ከሆነ መጽሐፉን መልሳችሁ አስቀምጡት።

አሁን ዋናው ፈተና ይመጣል። የሠራውን ኮድ አበላሹት። አንድ ቅንፍ አጥፉ። ሁለት ነጥቧን ሰርዙ። ከአንዱ ተለዋዋጭ (ዋጋ የምናስቀምጥበት ስም) ላይ አንድ ፊደል ቀይሩ። ኮምፒውተሩ የስህተት መልእክት ያወጣል። ያንን መልእክት ይዛችሁ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ፤ ከኋላ ያለውን የቃላት ማውጫ (ኢንዴክሱን) እዩ፤ ምዕራፉን አገላብጡ። መጽሐፉ ስለዚህ ስህተት አንድ ቃል ተናግሯል?

አብዛኛው አይናገርም። ጸሐፊው ስህተት እንደማይኖር አድርጎ ነው የጻፈው። ምሳሌ፣ ምሳሌ፣ ምሳሌ፤ ሁሉም ይሠራል። ጀማሪ ግን የሚውለው ከስህተት ጋር ነው። እኔ ራሴ ዛሬም ድረስ ከቀኔ ግማሹን የማሳልፈው አልሠራ ያለውን ነገር በመፈለግ ነው። ስለዚህ ስለ ስህተት የማያወራ መጽሐፍ ስለ ሥራው ግማሽ አላወራም።

አባቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው። ይህን ስነግረው ወዲያው ገባው። «ቅኔ የመምህሩን ቅኔ በመስማት ብቻ አይለመድም» አለኝ። ተማሪው ራሱ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ የሰበረውን ያርምለታል። ነገ ደግሞ ይቆጥራል። ልጅ ቅኔ የሚያውቀው በሚታረምበት ሰዓት ነው። መጽሐፍ ግን የእናንተን ኮድ ሰምቶ ማረም አይችልም። ጥሩ ጸሐፊ ይህን ስለሚያውቅ ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት አስቀድሞ ያስባል፤ «እዚህ ጋ ይህን ብትረሱ እንዲህ የሚል መልእክት ይመጣላችኋል» ብሎ ይጽፋል። ያ አንድ ዐረፍተ ነገር የመምህሩ እርማት ነው።

በቅርብ የማውቀውን ምሳሌ ልስጣችሁ። በፓይተን አንድ ቅንፍ ከፍታችሁ ሳትዘጉ ብትረሱ፣ የቆዩት የፓይተን ቅጂዎች ስህተቱ ያለው በሚቀጥለው መስመር ላይ እንደሆነ አድርገው ይነግሯችሁ ነበር። ተማሪው መስመር 8 ላይ ስህተት አለ ሲባል መስመር 8ን አሥር ጊዜ ያነባል። መስመር 8 ምንም የለበትም። የተረሳው ቅንፍ መስመር 7 ላይ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፓይተን 3.10 ወዲህ መልእክቱ ተሻሽሏል፤ ቅንፉ የተከፈተበትን ቦታ ያሳያል። በተማሪዎቼ ቤት ባሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ግን የድሮው ቅጂ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ያየሁት መጽሐፍ በትንሽ ሳጥን ውስጥ «መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ከታያችሁ ከፍ ብሎ ያለውን መስመር እዩ» ብሎ ጽፏል። እዚያው ገዛሁት። ሌላውን ገጽ እንኳ አላየሁም።

አንድ መጽሐፍ የሚዘለው ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን ሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተማርኩት ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበር። ሥራ ስጀምር አንድ ትምህርት ቤት የክረምት ማጠናከሪያ ተማሪዎችን ደረጃ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም እንድሠራለት ጠየቀኝ። ሦስት ትምህርት፤ ድምሩ ለሦስት ይካፈላል፤ በአማካዩ ደረጃ ይወጣል። ቀላል ነው ብዬ በአንድ ማታ ጨረስኩት። ውጤቱ ሲለጠፍ ሁለት ልጆች እኩል አንደኛ ወጡ። የአንዷ እናት ወረቀት ይዘው መጡ። በእስክሪብቶ አስልተውታል። የእሳቸው ልጅ ድምር 251 ነው፤ የሌላው ልጅ 250። «እንዴት እኩል ይሆናሉ? ልጄ እኮ ብቻዋን ነው አንደኛ የወጣችው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። 251 ለሦስት ሲካፈል 83.67 ነው፤ 250 ለሦስት 83.33። የእኔ ፕሮግራም ግን ለሁለቱም 83 ብሏል።

ምክንያቱ አጭር ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ስታካፍሉ ውጤቱም ሙሉ ቁጥር ይሆናል። ከነጥብ በኋላ ያለው ይቆረጣል፤ አይጠጋጋም እንኳ። መድኃኒቱ 3 በማለት ፈንታ 3.0 ብሎ መጻፍ ነው። ሁለት ቁምፊ። ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ። ስለ ሙሉ ቁጥር አንድ ምዕራፍ አለው፤ ስለ አሥርዮሽ ቁጥር ሌላ ምዕራፍ አለው። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የትም አልጻፈም። ከዚያ ቀን ወዲህ የሲ፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ወይም የጃቫ መጽሐፍ ስመርጥ ማካፈልን የሚያስተምረውን ገጽ ፈልጌ አነባለሁ። 7 ለ2 ሲካፈል 3 እንደሚሰጥ ተናግሮ ምክንያቱን ካስረዳ ጸሐፊው ተማሪ ያስተማረ ሰው ነው።

ሁለተኛ የምወደው ፈተና የከተማችን ስም ነው። መጽሐፉ ስለ ጽሑፍ የሚያስተምርበትን ምዕራፍ ክፈቱ። የቃልን ርዝመት የሚቆጥር ምሳሌ መቼም አይጠፋም። በእንግሊዝኛው ቃል ፈንታ «ጎንደር» ብላችሁ ጻፉበት። ጎ፣ ን፣ ደ፣ ር፤ አራት ፊደል ነው። ፓይተን 3 ላይ 4 ይላችኋል። በፓይተን 2 ወይም በሲ ቋንቋ የተለመደው የርዝመት ፈንክሽን ግን 12 ሊላችሁ ይችላል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ቅጂው ገብቷል፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የአቀማመጥ ዘዴ ሲቀመጥ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒውተር ማስታወሻ መለኪያ) ይወስዳል። አራት ጊዜ ሦስት 12 ነው። ኮምፒውተሩ የቆጠረው ባይቱን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

መጽሐፉ የኢትዮጵያን ፊደል እንዲያውቅ አልጠብቅም። ግን ከእንግሊዝኛ ውጭ ፊደል ያለው ሕዝብ በዓለም ላይ መኖሩን ማወቅ አለበት። በባይትና በፊደል መካከል ስላለው ልዩነት ግማሽ ገጽ ካለው ይበቃኛል። ነገ እናንተ የምትሠሩት የክሊኒክ ካርድ፣ የዕድር መዝገብ፣ የሱቅ ዕቃ ዝርዝር በአማርኛ ነው። ስም በ20 ባይት ይቀመጥ ብላችሁ ብትወስኑ ከሰባተኛው ፊደል ላይ ይቆረጣል። የሰው ስም መቁረጥ ደግሞ ነውር ነው።

ወደ ዕድሜ ልምጣ። ሰው መጽሐፍ ሲገዛ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «አዲስ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን መልሱ ከዓመተ ምሕረቱ ብቻ አይገኝም። በሽፋኑ ላይ አዲስ ዓመት ተጽፎ ውስጡ የጥንት የሆነ አይቻለሁ። ስለዚህ ምልክቶቹን እወቁ።

የፓይተን መጽሐፍ ከሆነ ፕሪንት የሚለው ቃል ያለ ቅንፍ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ያለ ቅንፍ ከሆነ ፓይተን 2 ነው። ፓይተን 3 የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፓይተን 2 ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድጋፍ የለውም። የሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ የምሳሌውን የመጀመሪያ ጥቂት መስመሮች እዩ። አይኦስትሪም ከሚለው ቃል በኋላ «ነጥብ ኤች» ካለ፣ ሜይን ፊት ለፊት «ቮይድ» ካለ፣ ስክሪን የሚያጠራ «ክሊር ስክሪን» የሚል ትእዛዝ ካለ፣ ቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የድሮ ሶፍትዌር ዘመን ነው። የቋንቋው የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያ አጻጻፍ ከዚያ በፊት የነበረ ነው። በየኮሌጁ ሞጁል ውስጥ ግን ዛሬም እየተቀዳ ይገኛል። ፒኤችፒ የሚባለው የዌብሳይት ቋንቋ መጽሐፍ ከዳታቤዝ (ከመረጃ ቋት) ጋር ሲገናኝ «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» የሚለውን የድሮ ፈንክሽን ከተጠቀመ ተዉት። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከወጣው ፒኤችፒ 7 ላይ ተነሥቷል፤ ጨርሶ አይሠራም። የጃቫ መጽሐፍ በአፕሌት (በብራውዘር ውስጥ ይሠራ በነበረው፣ አሁን በቀረው የጃቫ ፕሮግራም) ላይ ሁለት ምዕራፍ ካጠፋ ገንዘባችሁን አታጥፉ። የጃቫስክሪፕት መጽሐፍ በ2015 እ.ኤ.አ. የገቡትን ሌት እና ኮንስት የሚባሉትን ተለዋዋጭ የሚፈጥሩ ቃላት ካላወቀ አርጅቷል።

ግን አሮጌ ሁሉ አይጣልም። ብራያን ከርኒሃንና የሲ ቋንቋ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ ስለ ሲ የጻፉት መጽሐፍ በ1978 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ሁለተኛው እትም በ1988። ከ300 ገጽ አይበልጥም። ዛሬም በፕሮግራመሮች ዘንድ ይከበራል። «ሄሎ ወርልድ»ን ያስለመደንም እሱ ነው። ሁለተኛውን እትም ጋሼ ጋ አቧራ ለብሶ አግኝቼው በእጄ ስነካው ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር። ማሽኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ ቶሎ አያረጅም። የአንድን ሶፍትዌር በተኖች በሥዕል እያሳየ «እዚህ ጫኑ» የሚል መጽሐፍ ግን ሶፍትዌሩ በተቀየረ ማግስት ይሞታል። መጽሐፉን ፈጥናችሁ ስታገላብጡ ከገጹ ብዙው የስክሪን ሥዕል ከሆነ የሁለተኛው ዓይነት ነው።

አሁን ስለ እርምጃ ርዝመት። ይህንንም ከአባቴ ነው የተዋስኩት። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ናት። ከዚያ እያደገ እያደገ ነው መወድስ ላይ የሚደርሰው፤ ስምንት ቤት። ጉባኤ ቃና የቆጠረን ልጅ በማግስቱ መወድስ አምጣ የሚለው መምህር የለም። መጥፎ የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ግን ይላል። ምዕራፍ 3 ላይ ሁለት ቁጥር ያስደምራል፤ ምዕራፍ 4 ላይ «አሁን የባንክ ሲስተም እንሠራለን» ይልና 120 መስመር ኮድ ያፈስባችኋል። ተማሪው 120ውን መስመር ይገለብጣል። ይሠራል። ምንም አልተማረም።

ይህን ለመለየት ሁለት ተከታታይ ምዕራፎችን ውሰዱና የእያንዳንዱን የመጨረሻ ምሳሌ አስተያዩ። በሁለተኛው ውስጥ ያሉትን አዲስ ነገሮች በጣታችሁ ቁጠሩ። አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ደህና ነው። ከአንድ እጅ ጣት ካለፈ ጸሐፊው ጀማሪ መሆን ምን እንደሚመስል ረስቶታል። ረጅም ኮድ ሲመጣ ደግሞ እንዴት እንደቀረበ እዩ። ጥሩ መጽሐፍ መጀመሪያ አምስት መስመር ይጽፋል፤ ያሠራዋል፤ ሦስት ይጨምራል፤ እንደገና ያሠራዋል። እኛም ሥራ ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

መልመጃውንም ሳታዩ አትለፉ። «ተለዋዋጭ ምንድን ነው? አብራሩ» የሚል የፈተና ወረቀት ነው፤ ፕሮግራሚንግ አያስተምርም። ጥሩ መልመጃ የምዕራፉን ምሳሌ ወስዶ አንድ ነገር ይቀይርበታል። «ፕሮግራሙ የሦስት ትምህርት አማካይ ያወጣል፤ ተማሪው አንዱን ትምህርት ባይፈተንስ?» እንዲህ ያለው ያስቀምጣችኋል። መልሱ ከኋላ መኖሩን እወደዋለሁ፤ በተለይ ጠያቂ በሌለበት ብቻውን ለሚማር። ለሁሉም መልስ ባይኖር እንኳ ለግማሹ ካለ ጥሩ ነው።

ዌብሳይትና ዳታቤዝ የሚያስተምር መጽሐፍ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር እለምናችኋለሁ። ተጠቃሚው የጻፈው ስም ወደ ዳታቤዝ እንዴት እንደሚገባ የሚያሳየውን ገጽ ፈልጉ። ስሙ ከኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ቋንቋ) ትእዛዙ ጋር በመደመር ምልክት ተጣብቆ ከሆነ መጽሐፉን ዝጉት። አንድ ቦታ የሠሩት የመመዝገቢያ ፕሮግራም አንዲት ልጅን ብቻ አልመዘግብም ብሎ ጠሩኝ። ስሟ በእምነት ነው። በላቲን ሲጽፉት በመሀሉ ከላይ የምትንጠለጠለውን ትንሽ ጭረት (አፖስትሮፍ) አድርገውበታል፤ «በ» እና «እ» እንዳይደባለቁ። ኤስኪውኤል ያንን ጭረት ሲያይ ጽሑፉ ያለቀ ይመስለዋል፤ የቀረውን የስሟን ክፍል እንደ ትእዛዝ ሊያነብ ይሞክርና ይሰናከላል። የልጅቷ ስም ያሰናከለውን ፕሮግራም ክፉ ሰው አስቦበት ቢጽፍበት ዳታቤዙን በሙሉ ሊያወጣው ይችላል። ያን ፕሮግራም የሠራው ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ መጽሐፉ ያሳየውን ነው የሠራው። መጽሐፉን አሳየኝ፤ በየገጹ እንደዚያ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ትእዛዙንና ከተጠቃሚው የመጣውን ለየብቻ መላክን ከመጀመሪያው ምሳሌ ጀምሮ ያስለምዳል። ፓስወርድን እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጥ መጽሐፍም እንደዚሁ ነው፤ አትያዙት።

ስለ ወረቀቱና ስለ ኅትመቱ ጥቂት። የኮዱ ፊደል ላይ ቁጥር 1 እና ትንሿ ኤል፣ ዜሮ እና ኦ በግልጽ ይለያያሉ? ካልተለያዩ ዓይናችሁ ብቻ ሳይሆን ልባችሁም ይደክማል። የትእምርተ ጥቅሱን ቅርጽ እዩ። በኮድ ውስጥ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ወርድ አሳምሮ ያጎበጠው ከሆነ፣ ከፒዲኤፍ ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉት አይሠራም፤ ለምን እንዳልሠራም ለማየት ያስቸግራል። ፎቶ ኮፒ ከሆነ ደግሞ የልጁን ነገር አስታውሱ። ፓይተን ከሆነ ከመስመሮቹ ፊት ያለው ክፍት ቦታ መኖሩን ሳታረጋግጡ ብር አትክፈሉ።

ጸሐፊው ስለ ራሱ ስህተት ምን ይላል? ይህን ብዙ ሰው አያይም። ዶናልድ ክኑት የተባሉት አንጋፋ የኮምፒውተር ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. ማሳተም በጀመሩት መጽሐፋቸው ላይ ስህተት ላገኘ ሰው እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ 2.56 ዶላር በቼክ ይከፍሉ ነበር። 256 ሳንቲም መሆኑ ነው፤ 256 በኮምፒውተር ቤት እንደ መቶ ያለ ድፍን ቁጥር ነውና። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ ክብሩ ግን ከፍ ያለ ነው። ሁሉም እንዲከፍል አልጠብቅም። ግን በመግቢያው ላይ «ስህተት ካገኛችሁ በዚህ አድራሻ ንገሩኝ» ያለ ጸሐፊ፣ በአዲሱ እትም ላይ የታረመውን የዘረዘረ ጸሐፊ፣ መጽሐፉን ከሸጠም በኋላ የሚያስብለት ሰው ነው።

በአማርኛ ስለተጻፉት ልበል። ጥቂት ናቸው፤ በመኖራቸው ደስ ይለኛል። ስትመርጡ የቃላት አጠቃቀማቸው ይጽና። ጸሐፊው በምዕራፍ 2 «ተለዋዋጭ» ያለውን በምዕራፍ 5 «ቫሪያብል»፣ በምዕራፍ 7 ደግሞ ሌላ ስም ከሰጠው አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው ይያዝ። ሁሉን ወደ አማርኛ ካልመለስኩ ብሎ የሚታገለውን አልመርጥም። ኮምፒውተሩ የሚቀበለው ፎር እና ዋይል የሚባሉትን ቃላት ራሳቸውን ነው፤ ተማሪው በላቲን አጻጻፋቸው ሊለምዳቸው ይገባል። ማብራሪያው ግን ቡና እየጠጣን እንደምናወራው አማርኛ ይሁን። አንድ አንቀጽ ጮክ ብላችሁ ለእህታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ አንብቡላቸው። «ምን ማለት ነው?» ብለው መሀል ላይ ካስቆሟችሁ ጸሐፊው ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ገልብጦታል።

መጽሐፉ ቀድሞ እጃችሁ ላይ ከሆነና ሌላ መግዣ ከሌላችሁስ? እርሳስ አንሡ። ከልጁ ጋር ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሦስት ቅዳሜ አብረን ተቀምጠን እያንዳንዱን ሉፕ እያነበብን የጠፋውን ክፍት ቦታ በእርሳስ ጭረት መለስን። በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ ነበርኩ የማሰምረው። በሁለተኛው እሱ ያሰምራል፣ እኔ አያለሁ። ሦስተኛው ላይ ድምሩን የሚያትመው መስመር ጋ ደረሰና እርሳሱን ይዞ ቆመ።

«ቲቸር፣ ይሄ መስመር ከሉፑ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«ውስጥ ከሆነ በየዙሩ ያትማል። ውጭ ከሆነ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ።» ትንሽ አሰበ። «ሁለቱንም ልሞክረው» አለና ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበ።